የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ላቆሙ አንባቢ የትኛው የፊዚክስ መጽሐፍ ይሻላል?

ጥያቄ፦ በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት የማገለግል ሴት ነኝ። ፊዚክስ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ብቻ ሲሆን ስለ አጽናፈ ዓለም የሚያወሱ መጻሕፍትን ማንበብ ግን እጅግ እወዳለሁ። የስቲቨን ሆኪንግን «የጊዜ አጭር ታሪክ» በእንግሊዝኛ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ጀመርኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ አራተኛው ምዕራፍ ላይ አቆምኩ። ጉድለቱ የእኔ ነው ወይስ የመጽሐፉ? ከእንግዲህስ ምን መርጬ ልግዛ? ቀመር የበዛበት መጽሐፍ ያስፈራኛል።

መልስ፦ ጉድለቱ የእርስዎ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ሰው ስለ ዓለም የነበረው አመለካከት እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ጊዜና ሕዋ ምን እንደ ሆኑ፣ ጋላክሲዎችም እርስ በርሳቸው እየተራራቁ መሄዳቸው እንዴት እንደ ታወቀ የሚተርኩ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ያስነብባል። አራተኛው ግን በድንገት የጥቃቅን ቅንጣቶችን ጠባይ ወደሚያጠናው ኳንተም ፊዚክስ ይገባና የአንዲትን ቅንጣት ቦታና ፍጥነት በአንድ ጊዜ በትክክል ማወቅ እንደማይቻል ይነግረናል። ብዙ አንባቢ የሚያቆመው እዚህ ቢሆን አልደነቅም። ደራሲው በመጽሐፉ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ቀመር ሽያጩን በግማሽ እንደሚቀንስበት ሰው እንደ ነገረው ራሱ ጽፏል፤ በመጨረሻም ያስቀረው የአንስታይንን ታዋቂ ቀመር ብቻ ነው። ቀመሩ ሲወጣ ግን የሐሳቡ ክብደት አብሮ አልወጣም። ስለዚህ ቀመር የሌለውን መጽሐፍ ሁሉ ቀላል ነው ብለው አይግዙ።

በሙያዎ የሒሳብ መዝገብ ሲመረመር ድምሩን ብቻ አይቶ የሚፈርም እንደሌለ፣ ደረሰኙም እንደሚጠየቅ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የሳይንስ መጽሐፍም የሚመረጠው እንዲሁ ነው። «አጽናፈ ዓለም የጀመረው ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው» ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ድምሩን ብቻ ሰጥቶዎታል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንቴናቸውን ወደየትኛውም የሰማይ አቅጣጫ ቢያዞሩት የማይጠፋ ጉርምርምታ እንዳስቸገራቸው፣ በአንቴናው ውስጥ የሰፈሩትን የርግቦች ኩስ እንኳ ጠርገው ድምፁ እንዳልተወገደ፣ በኋላም ያ ጉርምርምታ ከጥንታዊው የአጽናፈ ዓለም ግለት የተረፈ ጨረር መሆኑ እንደ ታወቀ የሚተርክ መጽሐፍ ደረሰኙን አቅርቦልዎታል። ሁለቱ ሰዎች በዚሁ ግኝት በ1978 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በዚህ መለኪያ ከሄድን ለእርስዎ በመጀመሪያ የምመርጠው የስቲቨን ዋይንበርግን «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች» ነው። ይህን የአንቴና ታሪክ በሰፊው ይዟል፤ ሒሳቡንም ከትረካው ለይቶ በመጨረሻ ክፍል ስላስቀመጠው የፈለገ ያየዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ሆኖም መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1977 መሆኑን ልብ ይበሉ። የአጽናፈ ዓለም መስፋፋት እየፈጠነ መምጣቱ የታወቀው በ1998 ስለሆነ፣ ይህን መፍጠን ያስከትላል ተብሎ የሚታሰበውን፣ ዛሬ ጨለማ ኃይል የሚባለውንና ከአጽናፈ ዓለም ይዘት ሁለት ሦስተኛ ገደማ እንደሚሆን የሚገመተውን ነገር እዚያ አያገኙትም። ለዚያ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ይጨምሩ።

በተለይ አሮጌ መጽሐፍ ሲገዙ ሽፋኑን ሳይሆን ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚያታልለው የመጨረሻው የኅትመት ዓመት ነው፤ መፈለግ ያለብዎ ጽሑፉ መጀመሪያ የወጣበትን ወይም የታረመበትን ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 በፊት የተጻፈ መጽሐፍ ሌሎች መሠረታዊ ቅንጣቶች ግዝፈት ከሚያገኙበት መንገድ ጋር የተያያዘውን የሂግስን ቅንጣት መገኘት አያውቅም፤ ከ2016 በፊት የተጻፈም የስበት ሞገድ፣ ማለትም የጊዜና የሕዋ እርግብግቢት፣ በመሣሪያ መያዙን ሊነግርዎ አይችልም።

ስለ ስበት ሞገድ ካነሳን አይቀር፣ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1916 የተነበየው ይህ ሞገድ በመሣሪያ የተያዘው በመስከረም 2015 ነበር፤ መቶ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ይህን የማነሳው ስለ ብዙ አጽናፈ ዓለማትና ቅንጣቶች ሁሉ የሚርገበገቡ ጥቃቅን ክሮች ናቸው ስለሚለው ስለ ስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ የሚጽፉ ደራሲያንን ላለማንቋሸሽ ነው። የእነርሱም ሐሳብ አንድ ቀን በሙከራ ሊረጋገጥ ይችል ይሆናል፤ እስከ አሁን ግን አልተረጋገጠም። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በአጻጻፋቸው ይማርካሉ፣ ሽፋናቸውም ያምራል፤ ቢሆንም የተለካውንና የተገመተውን በአንድ ዓይነት የልበ ሙሉነት ቃና ስለሚተርኩ ለጀማሪ አይመቹም። አምስተኛ መጽሐፍዎ ይሁኑ እንጂ የመጀመሪያዎ አይሁኑ።

የካርሎ ሮቬሊ «ሰባት አጫጭር የፊዚክስ ትምህርቶች» ለጋዜጣ ከተጻፉ መጣጥፎች የተነሣ ትንሽ መጽሐፍ ስለሆነ በአንድ እሑድ ያልቃል። ውብ ነው፤ ግን ጥም ይቀሰቅሳል እንጂ አያረካም።

ስላቆሙበት ምዕራፍ ልመለስ። ለጊዜው አራተኛውንና አምስተኛውን ዘለው ስለ ጥቁር ጉድጓዶች የሚያትተውን ስድስተኛውን ያንብቡ። ለኳንተም ግን ሌላ አስተማሪ ይሻላል፦ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ለጠቅላላ አድማጭ የሰጣቸው አራት ንግግሮች «ኪው ኢ ዲ» በሚል ርዕስ በ1985 ታትመዋል። በዚያ መጽሐፍ ብርሃን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የመድረስ ዕድሉ የሚሰላው በቀመር ሳይሆን ወረቀት ላይ በሚሳሉ ትንንሽ ቀስቶች ነው፤ ብርሃኑ ሊሄድበት ለሚችለው ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ቀስት ይሳላል፣ ቀስቶቹን እየቀጣጠሉ መደመር ነው፤ የድምሩ ቀስት ርዝመት በራሱ ሲባዛ ዕድሉን ይሰጣል። ቁጥር መደመር የዕለት ሥራዎ ስለሆነ ይህ ዘዴ ከብዙ አንባቢ ይልቅ ለእርስዎ የሚቀልዎ ይመስለኛል። እርሳስና ወረቀት ይዘው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ንግግሮች በቀስታ ይከተሉ፤ የሆኪንግን አራተኛ ምዕራፍ ከዚያ በኋላ ይክፈቱት።