ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትን ክራር አውርዱት

ልጆቻችሁ ታብሌት ላይ የሳይንስ ዘፈን ሲሰሙ ይውላሉ አይደል? ጥሩ ነው፣ አልከለክልም። ግን ዘፈን መክፈትና ማስተማር ለየቅል ናቸው። ስምንቱን ፕላኔቶች በዜማ የሚያንበለብል ልጅ «ታዲያ ለምን ይመሻል?» ሲሉት ጭጭ ይላል። ዘፈን ስም ለማስያዝ ወደር የለውም፤ «ለምን» ላይ ሲደርስ ግን እናንተም መግባት አለባችሁ።

ስትመርጡ መቼ እንደተሠራ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የወጣ የፕላኔት ዘፈን ፕሉቶን ዘጠነኛ አድርጎ ይቆጥራል፣ ከዝርዝሩ የወጣችው በዚያ ዓመት ነው። ለነገሩ ስህተቱም ያስተምራል። በ1959 የወጣ የአሜሪካ ዘፈን ፀሐይ የጋለ ጋዝ ናት ይላል። ዴይ ማይት ቢ ጃይንትስ የሚባለው ባንድ በ2009 ባወጣው የልጆች የሳይንስ አልበም ላይ ይህንኑ ይዘፍንና፣ ወዲያው በሌላ ዘፈን «ጋዝ ሳይሆን ፕላዝማ» (ጋዝ ከልክ በላይ ሲግል የሚለወጥበት ሌላ የቁስ ሁኔታ) ብሎ ያርመዋል። ሁለቱንም አስከትላችሁ አሰሟቸው። ትልልቅ ሰዎች ተሳስተው ሲታረሙ መስማት ልጆች ነፍሳቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስንቱ የሐበሻ ሳሎን ውስጥ ክራር ወይም ማሲንቆ ለጌጥ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል! አውርዱት። ክሩ ካረጀ የዓሣ ማጥመጃ ናይለንም ቢሆን እሰሩበት። ከዚያ ልጁ ራሱ ይቃኘው። ክሩን ሲያጠብቀው ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያላላው ይወፍራል፤ ምክንያቱም የተወጠረ ክር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይርገበገባል። ማሲንቆ ላይ ደግሞ ክሩ አንድ ብቻ ነው፣ ጣቱን ወደ ታች ባወረደ ቁጥር የሚርገበገበው ክፍል ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ከመሞከሩ በፊት ግን «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በሉትና ይገምት። መልሱን ቸኩላችሁ እንዳትነግሩት፣ እኛ ወላጆች በትዕግሥት አንታማም።

ከበሮ ካላችሁ ሰፊውን ፊት ወደ ላይ አድርጉና ትንሽ ጤፍ በትኑበት፣ ጎኑን መታ መታ ስታደርጉ ፍሬዎቹ ይዘላሉ። ከበሮ ከሌለ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ፕላስቲክ ወጥራችሁ ልጁ አጠገቡ ይጩህ። ድምፅ ማለት እርግብግቢት መሆኑን በዓይኑ ያያል። (ጤፍ ተወደደ የምትሉ ሰሊጥም ይሆናል።)

ከዚያ ያዩትን ይዝፈኑት። አዲስ ዜማ መድረስ አይጠበቅባችሁም፣ ሆያ ሆዬ ምን አለን! እናንተ አውጡ፣ እነሱ ይቀበሉ፦ «ክሩ ሲጠብቅ» — «ሆ!» — «ድምፁ ቀጠነ» — «ሆ!»። ሁለተኛው ዙር ላይ ልጆቹ ያውጡ። አማርኛ ተናገሩ ተብለው በቁጣ የማይከፍቱትን አፍ ለዚህ ይከፍቱታል፣ ግጥሙ ቢወላገድም ተዉት፣ የሚታረመው ሳይንሱ ነው።

አፓርትመንት የምትኖሩ፣ ከበሮውን በቀን ጨርሱት። ታች ያለው ጎረቤት መጥቶ ካንኳኳ ግን ይቅርታ ጠይቃችሁ ሸኙትና ልጁን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ከበሮው እሱ ቤት ድረስ ሲሰማ ክራሩ ለምን አልተሰማም?