ተከራክሬ ያስቀነስሁት ብር የት ገባ?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ አዘጋጆች፤ ደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴን ተከትዬ ስለምሄድ ገበያ መውጣት በጣም እወዳለሁ። ዋጋ ተከራክሬ በማስቀነስ የታወቅሁ በመሆኔ ጎረቤቶቼ እንኳ ትልቅ ዕቃ ሲገዙ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ነገር ግን በየወሩ እጄ ላይ የሚደርሰው 9,000 ብር፣ ለአስቤዛና ለልጆች ልብስ የተመደበው፣ ወሩ ሃያ ሳይሞላ ያልቃል። ባለቤቴ «ገበያ መውጣቱን ተዪው» ይለኛል። መፍትሔው ይህ ብቻ ነውን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ገበያ መውጣትዎን እንዲተዉ አልመክርዎትም። የበርበሬ ዛላ በእጁ ጨብጦ መድረቁን የሚለይ፣ ጤፉን መዳፉ ላይ ዘርግቶ አሸዋ እንዳለበት የሚያይ፣ የዛሬውን ዋጋ ከባለፈው ሳምንት ጋር የሚያስተያይ ሸማች ለቤቱ ትልቅ ሀብት ነው። ባለቤትዎንም ያስጨነቃቸው የገበያው መንገድ ሳይሆን ከሃያ በኋላ ያሉት ቀናት ይመስሉኛል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር አጣሁበት፤ ተከራክረው ያስቀነሱት ብር የት እንደገባ አልጻፉልንም። ነጋዴው 900 ብር ያለውን ሹራብ በ650 ብር ገዙ እንበል። «250 ብር ቀረልኝ» ብለው ደስ ይልዎታል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ሆኖም ያ 250 ብር አሁንም ቦርሳዎ ውስጥ ስለሆነ፣ ከገበያው ሳይወጡ ካልሲ፣ የሻይ ብርጭቆና ያልታሰበ ሳህን ይሆናል። ከቤት ሲወጡ ሹራብ ለመግዛት አስበው ካልነበረ ደግሞ የቀረልዎት ነገር የለም፤ 650 ብር ወጥቷል። ተከራክረው ያስቀነሱት ብር ቁጠባ የሚሆነው በዚያው ቀን ከሚወጣው ገንዘብ ተለይቶ ሲቀመጥ ነው። ከሁሉ አስቀድመው ይህን አንድ ነገር እንዲያስተካክሉ እለምንዎታለሁ።

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ያሳደገችኝ አክስቴ ገበያ ስትወጣ ገንዘቧን የምትይዘው በነጠላዋ ጫፍ ነበር፤ ያውም በአንድ ቋጠሮ ሳይሆን በሦስት። አንዱ የጨውና የጋዝ፣ ሁለተኛው የወፍጮ፣ ሦስተኛው የእድር ነበር። ጨው ስትገዛ የጨውን ቋጠሮ ብቻ በጥርሷ ሳብ አድርጋ ትፈታለች፤ ከዚያ የተረፈውን ሳንቲም እዚያው ቆማ ወደ እድሩ ቋጠሮ አስገብታ መልሳ ታጠብቀዋለች። ነጋዴው «እናቴ፣ ይህንንም ውሰጂ» ሲላት «አልቋል» ትለው ነበር። የእድሩ ገንዘብ ትከሻዋ ላይ እያለ አልቋል ማለቷ ውሸት ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ግን እውነቷን እንደሆነ ገባኝ፤ የጨው ገንዘብ በእርግጥ አልቆ ነበር።

የእኛ ዘመን ችግር ገንዘቡ ቋጠሮ ማጣቱ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአስቤዛው፣ የቤት ኪራዩና የትምህርት ቤቱ ክፍያ ሁሉ ከአንድ ስልክ ስለሚወጣ፣ የትኛው ብር የምን እንደነበረ ሳይለይ ያልቃል። ስለዚህ በገበያ ቀን በስልክ ከመክፈል ይታቀቡ። ጥሬ ገንዘብ አውጥተው በሦስት ፖስታ ይክፈሉት፤ አንዱ የእህል፣ አንዱ የአትክልትና የቅመም፣ አንዱ የልብስ ይሁን። ባዶ አራተኛ ፖስታም ይያዙ፤ ተከራክረው ያስቀነሱት ብር ሁሉ እዚያው ገበያው ላይ ወደዚህ ፖስታ ይግባ። ማታ ቤት ሲደርሱ ቆጥረው ቀኑን በደብተር ይጻፉና ወደ ባንክ ወይም ወደ መሥሪያ ቤትዎ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚሄድበትን ቀን ይወስኑለት። እንደ እርስዎ ያለ ተከራካሪ በአንድ ወር የሚሰበስበው ገንዘብ ራሱን እንደሚያስገርመው አልጠራጠርም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጳጉሜን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈለው በዓመት 12 ጊዜ ሲሆን፣ ከነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም ደመወዝ ግን 35 ቀናት አሉ፤ እንደ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ 36 ይሆናሉ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና የልጆች ምዝገባ የሚመጡትም በዚሁ ረጅም ወር ነው። የእርስዎ 9,000 ብር ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 300 ብር ስለሚሆን፣ የጳጉሜን አምስት ቀናት 1,500 ብር ይጠይቃሉ፤ ይህ ለ12 ወራት ሲካፈል በወር 125 ብር ብቻ ነው። በየወሩ ደመወዝ በወጣ ዕለት 125 ብሩን ለብቻው ያስቀምጡ፤ ያን ጊዜ ለጳጉሜን ብድር አይጠይቁም።

አሁን ወደሚወዱት ገበያ ልመለስ፤ እውነተኛው ትርፍ ያለው ከክርክሩ ይልቅ ወቅቱን በማወቅ ነውና። ጤፍ በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ በጥርና በየካቲት ገበያውን ይሞላል፤ ክረምት ሲገባ ግን የገበሬው ጎተራ ስለሚሳሳ ዋጋው ይወጣል። በሐምሌ አንድ ሰዓት ተከራክረው የሚያስቀንሱት፣ በጥር ያለ ክርክር ከሚያገኙት ያነሰ ሊሆን ይችላል። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ከተጠበቀ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ስለዚህ የምንጃርን ጤፍ ገበያው በሞላበት ወቅት በኩንታል ገዝቶ ማስቀመጥ የሚያዋጣ ነው። ሽምብራና አተር ግን በነቀዝ ስለሚበሉ፣ የሽሮውን እህል የሚገዙት ቶሎ የሚያስፈጩትን ያህል ይሁን። በርበሬም እንዲሁ አዲሱ ዛላ ሲገባ የዓመቱ ቢዘጋጅ ይሻላል፤ በሰኔ በጥቂት በጥቂቱ የተፈጨ በርበሬ የሚገዛ ቤት የቀንጣሹን፣ የአስፈጪውንና የቸርቻሪውን ትርፍ አብሮ ይከፍላል።

ስለ ቅቤ በተለይ ልንገርዎ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙው ሰው ቅቤ ስለማይበላ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ሆሳዕና ሲቃረብ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣና ዋጋው ይሰቀላል። ስለዚህ የፋሲካውን ቅቤ በጾሙ አጋማሽ በሚውለው በደብረ ዘይት በዓል ገደማ ገዝተው፣ በኮረሪማና በኮሰረት በደንብ አንጥረው በንጹሕ ዕቃ ቢከድኑት፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ ምስጋና ይግባውና ምንም ሳይሆን በዓሉን ያልፋል። ሽንኩርትን ግን በዚህ መንገድ ሊያከማቹ አይሞክሩ፤ ከዚህ በታች ያለውን መልስ ይመልከቱ።

«ኩንታል መግዣ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየት ይመጣል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለዚህ እቁብን የሚተካ አላየሁም። 20 ሰዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣው 10,000 ብር ነው። ዕጣዎ በክረምት ቢወጣ፣ በጥር ወይም በየካቲት ከሚደርሰው ሰው ጋር እንዲለዋወጡ ዳኛውን ይጠይቁ፤ ክረምት ላይ ለልጆቹ ምዝገባ ገንዘብ የሚቸግረው አባል አይጠፋምና ለሁለታችሁም ይበጃል። ባንክ ከእቁብ ጎን እንጂ በእቁብ ፈንታ አይሁን። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎታል፤ በ7 በመቶ ስሌት 1,000 ብር በዓመት 70 ብር ያስገኛል። የእህል ዋጋ ግን ከዚያ በላይ የሚዘልበት ዓመት ብዙ በመሆኑ፣ ለጤፍ የታሰበ ገንዘብ ወቅቱ ሲደርስ ጤፍ መሆን አለበት።

በልብስ በኩል የምለው አጭር ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ዓመቱን ሙሉ ስለማይለቅ፣ ለልጆች በየወሩ ሳሳ ያለ ሹራብ ከመግዛት አንድ ወፍራም ሹራብ ከፍ ባለ ዋጋ መግዛት ይረክሳል። ለመኝታም የመንዝ በግ ጠጉር ባና ሰባትና ስምንት ዓመት ሲያገለግል በገዛ ቤቴ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነዋሪ ነኝ። ሽንኩርት እዚህ ከደብረ ብርሃን ይልቅ ስለሚረክስ ደጋ ላለችው እኅቴ በጆንያ ልልክላት አስባለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመላክዎ በፊት የሚበላሸውን ይቁጠሩ። ለምሳሌ ኪሎው እርስዎ ዘንድ 40፣ እኅትዎ ዘንድ 60 ብር ቢሆን፣ 50 ኪሎ ሲገዙ 1,000 ብር የሚተርፍ ይመስላል። ነገር ግን ማጓጓዣው 300 ብር ከወሰደና 10 ኪሎው ከበሰበሰ፣ ለ40 ኪሎ 2,300 ብር ወጣ ማለት ነው፤ ያው ሽንኩርት ደብረ ብርሃን 2,400 ብር ነው። ድካሙ ሁሉ ለ100 ብር ይሆናል። ጥቂት ሽንኩርት ከማሾ ጋር ይላኩላት፤ ማሾ አይበሰብስም። እርሷም በመልስ መኪና ባቄላና ገብስ ትላክልዎ፤ ያን ጊዜ ማጓጓዣው ለሁለት ቤት ይካፈላል። ሽንኩርቱን ሲመርጡ አንገቱ የደረቀውንና ልጣጩ የሚንኮሻኮሸውን ይውሰዱ። በፕላስቲክ አይቋጥሩት፤ እኅትዎም እንደደረሳት ከጆንያው አውጥታ ነፋስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ ትበትነው፤ ከድንችም ታርቀው።