ካርታውን ተዪውና መጀመሪያ ሰውየው በሕይወት መኖሩን አጣሪ

እህቴ፣ «ዱባይ ነኝ፤ ወንድሜ አዲስ አበባ ቤት አግኝቶ የካርታውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ይዞታው የሻጩ መሆኑን በምን ልወቅ?» ያልሽውን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም ኩዌት 9 ዓመት ሠርቼ ያጠራቀምኩትን ያስበላሁት እንዲሁ ወረቀት አምኜ ነው።

1. ፎቶውን እርሺው። ካርታ የሚነግርሽ በተሰጠበት ቀን የነበረውን ነው። ከዚያ ወዲህ ባንክ በመያዣ ይዞት ይሆናል፣ ፍርድ ቤት አግዶት ይሆናል፣ ጭራሽ ተሰርዞም ይሆናል። እውነቱ ያለው ክፍለ ከተማው ይዞታ አስተዳደር ማህደር ውስጥ ነው። ማህደሩን ደግሞ ለመንገደኛ አያሳዩም። ሻጩ ራሱ ከወንድምሽ ጋር ሄዶ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ያስጠይቅ። «ዛሬ አይመቸኝም» እያለ ካመላለሰው፣ ይቅርባችሁ።

2. ካርታው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው ወይስ የሌላ ሰው? የኔ ጣጣ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በ2011 ለአንድ ወር እረፍት መጣሁ። ደላላው 150 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት አሳየኝ። ካርታው በአባትየው ስም ነው፣ የሚሸጠው ልጁ ነው። ማኅተም ያለበት የአባቱን ውክልና አወጣ። «አባዬ ታሟል፣ ክፍለ ሀገር ነው» አለኝ። ክፍለ ከተማ ሄጄ ላጣራ ብል፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ባለቤቱ ይምጣ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንድም ሰው «እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አላለኝም። የበረራዬ ቀን ደረሰ። በሦስት ምስክር፣ ደላላው ቤት፣ 400 ሺህ ብር ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁ። ውልና ማስረጃ ሳንደርስ ማለት ነው።

አባትየው ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበር። ውክልና ደግሞ ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ ወረቀቱ የፈለገውን ያህል ማኅተም ቢኖረው ዋጋ የለውም። ቤቱ የአምስት ወራሾች ነው። ኩዌት እያለሁ የልጁ እህት እግድ አወጣች። እውነቷን ነው፣ አልፈርድባትም።

ይህን ሁሉ ማን ያውቅ ነበር መሰለሽ? ጎረቤት! እናቴ በኋላ ሰፈሩ ሄዳ ቡና ላይ ስትጠይቅ «ጋሼንማ የቀበርናቸው እኛው ነን» አሏት። ስለዚህ ወንድምሽን ወደ እድሩ ላኪው። ዳኛውን ወይ ጸሐፊውን ያነጋግር። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ የቱ ልጅ አሜሪካ እንዳለ፣ የትኛው ቤት ክርክር እንዳለበት እድር ያውቃል። የክፍለ ከተማው መስኮት የነፈገኝን፣ አንድ ሲኒ ቡና ነግሮን ነበር።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ያላገባ ነኝ ካለ ማስረጃውን ያምጣ። ሟች ያለበት ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ውሳኔው ይታይ፤ ወራሾቹ አንድም ሳይቀሩ ይፈርሙ።

ልጁን ከሰስኩት፤ ክሱ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ። ሕጉ ቀብድ ተቀባይ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል ይላል፤ ልጁ ግን ምንም የለውም። ዋናውን በየወሩ እየቆራረጠ መለሰልኝ። ብሩ ተመልሶ ሲገባ ያን ቤት ሊገዛ ቀርቶ ጣሪያውንም አይገዛም ነበር።

ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ። ሁለተኛውን ስገዛ እድሩን ቀድሜ ጠየቅሁ፣ ሻጯን ይዤ ማህደሩን አስወጣሁ፣ ከውልና ማስረጃ በፊት አንድ ብር አልሰጠሁም። ደላላው «አንቺ ሴት ታስቸግሪያለሽ» አለኝ። ላስቸግር! ካርታው አሁን በስሜ ነው።

ወንድምሽ ቀብድ ከፍሎ እንደሆነ አልጻፍሽም። ዛሬውኑ ደውይለት። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩን በቪዲዮ ያገናኝሽ፣ ፊቱን እይው፣ አናግሪው። እምቢ ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፤ አዲስ አበባ ነኝ፣ ሰፈሩ ድረስ ሄጄ እድሩን እጠይቅልሻለሁ።