ለቅዳሜ ጉዞ ለጠየቅሽው፦ የቡታጅራን መንገድ ያዙ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ ከአሜሪካ ከነልጆቹ መጥቷል። ልጆቹ 8 እና 11 ዓመታቸው ነው። እናትሽም አብረው መውጣት ይፈልጋሉ። ቢሾፍቱን ደጋግማችሁ አይታችኋል፣ እንጦጦንም ጨርሳችኋል። አሁን የምትፈልጊው ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡበት፣ ሰው ያልለመደው፣ ልጆቹ ተመልሰው ለጓደኞቻቸው የሚያወሩት ነገር ያለበት ቦታ ነው።

የእኔ መልስ አንድ ነው፤ የቡታጅራን መንገድ ያዙ። ብዙ ሰው ይህን መንገድ የሚያውቀው ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ አርባ ምንጭ ሲያልፍ ነው። በመስኮት ያየዋል እንጂ አይወርድም። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። ከልጆቼ ጋር መውረድ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ከአዲስ አበባ ዙሪያ እንደዚህ በአንድ አስፋልት ላይ ብዙ ነገር የደረደረ መንገድ አላገኘሁም።

ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ውጡ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ዓለም ገናን ቶሎ ካለፋችሁ ቀኑ የእናንተ ነው። አንድ ሰዓት ከዘገያችሁ ግን ሲኖትራኩና ባጃጁ መሃል ቆማችሁ ልጆቹ ገና ከተማ ሳይወጡ ይሰላቻሉ።

መጀመሪያ የምትቆሙት መልካ ቁንጡሬ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። ከመድረሳችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀራችሁ ባልጩት የሚባል አካባቢ አለ። ባልጩት የሚለውን ቃል እናትሽ ያውቁታል፤ ያ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ድንጋይ ነው። ድሮ ቆዳ ፋቂዎች ይፍቁበት ነበር። ከእሳተ ገሞራ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ቶሎ ሲቀዘቅዝ መስታወት ይሆናል፤ ባልጩት ማለት ይኸው ነው። እዚያ አካባቢ የሚታረሰው ማሳ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተበተነ ይመስላል። ትልቁ ልጄ ያን ጊዜ 9 ዓመቱ ነበር። አንዷን ስባሪ አንስቶ ወደ ፀሐይ ዘረጋት። መሃሏ ድቅድቅ ጥቁር ነው፣ ጠርዟ ግን ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ እንደ ጭስ ያለ ግራጫ ሆነ። "አባዬ፣ ድንጋይ ውስጥ ይታያል!" አለኝ። ወዲያው ደግሞ አውራ ጣቱን ቆረጠው። ፕላስተር ያዢ፤ ልጆቹ በጣታቸው ጫፍ ጠርዙን እንዳይነኩም ንገሪያቸው። ሌላው ጥብቅ ነገር፦ ድንጋዩን በኪስ ይዞ መውጣት የለም። ቅርስ ነው። ልጆች ይህን ሲነገራቸው ቅር ይላቸዋል፣ ግን ምክንያቱን ካስረዳሻቸው ይገባቸዋል።

ምክንያቱም ይህ ነው። በዚህ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ በዚሁ ድንጋይ መሣሪያ ሲሠሩ ኖረዋል። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች ከእኛ ባለሙያዎች ጋር ቆፍረውታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጡሬና ባልጩት አብረው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። እና ይህ ሁሉ ከቤታችን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው።

ሙዚየሙ ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። ጎጆ ቤቶች ናቸው፤ ንጹሕ፣ ጸጥ ያሉ፣ ዛፍ የከበባቸው። ለልጆቹ ግን ከመሣሪያው ሁሉ በፊት አንድ ነገር ንገሪያቸው፣ እኔም የነገርኳቸው እሱን ነው። እዚህ ተመራማሪዎች 700,000 ዓመት ያስቆጠረ የእግር ኮቴ አግኝተዋል። የአዋቂ ብቻ አይደለም፤ አንድና ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት ኮቴም አለበት። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡ፣ የጉማሬ ሥጋ ሲበልቱ፣ ሕፃናቱ እዚያው ጭቃው ላይ ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር። ከዚያ የእሳተ ገሞራ አመድ ሸፈነውና እስከ ዛሬ አቆየው። ትንሿ ልጄ ይህን ስትሰማ የራሷን ጫማ አውልቃ አፈሩ ላይ ረገጠች። ከዚያ በኋላ ያለውን ገለጻ በሙሉ ቆማ ሰማች።

አስጎብኚ ያዙ። ያለ አስጎብኚ ድንጋይ ድንጋይ ነው። ወንድምሽ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለው ይዞ ይምጣ፤ የእናንተንም መታወቂያ አትርሱ፣ መግቢያ ላይ ይጠየቃል።

አሁን አዳዲ ማርያም። እዚህ ላይ መወሰን አለባችሁ። ከዋናው አስፋልት ወደ ቀኝ ተገንጥሎ አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር ፒስታ ነው። መንገዱ እንደ ክረምቱ ይለያያል። እኛ በመጀመሪያው ጉዟችን በተከራየነው መኪና ገብተን ጎማ ፈነዳብን። እስኮርታው ነበረ፣ ክሪክ ግን አልነበረም። አከራዩ "ሁሉም ነገር አለ" ብሎኝ ነበር፣ እኔም ከፍቼ አላየሁም። አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። በመጨረሻ የገበሬ ልጆች ድንጋይ ደርድረው፣ አጣና አምጥተው፣ መኪናውን ከፍ አድርገው ቀየሩልን። ስለዚህ መኪና ስትከራዩ ኋላውን ከፍታችሁ ክሪኩን በዓይናችሁ እዩ።

እንዲያም ሆኖ አዳዲን አትዝለሉት እላለሁ፣ በተለይ እናትሽ ስላሉ። ከሩቅ ቤተ ክርስቲያን አይታይም። ከመሬት በታች ነው። ሜዳ ላይ እየሄድሽ ሳለ ድንገት ከእግርሽ ሥር ጉድጓድ ይከፈታል፤ ጣሪያው ካንቺ እግር እኩል ነው። ዙሪያው ተቦርቡሮ ሕንፃው ከአንድ አለት ወጥቷል። የአካባቢው አባቶች ቅዱስ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ሲሄድ እዚህ አርፎ አሠራው ይላሉ። ላሊበላ ድረስ መሄድ ለማይችል ሰው፣ ለዕድሜ ባለጸጋ ደግሞ ይበልጥ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ እናት ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ነበር የወረደችው። ውስጥ ከገባች በኋላ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም፣ እኛም አልጠራናትም። ነጠላ ይያዙ። ጫማ ስለሚወልቅ ወፍራም ካልሲ ይረዳችኋል፤ አለቱ ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ባትሪ ያስፈልጋል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህኑን ጠይቁ። ወር በገባ በ21 ከሄዳችሁ ሕዝብ ይበዛል፤ ቅዳሴ ለሚፈልግ ጥሩ፣ በጸጥታ ለማየት ለሚፈልግ ግን አይመችም።

ከአዳዲ ተመልሳችሁ ጢያ ትደርሳላችሁ፤ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው። 36 ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ ተቀርጿል። በብዛት የምታዩት ጎራዴ ነው፤ አንዱ ላይ ሦስት፣ ሌላው ላይ አምስት፣ ከዚያም በላይ። ልጆቹን ጎራዴ አስቆጥሪያቸው። የእኔዎቹ ተከፋፍለው ቆጥረው ተጣሉ፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ቅርጽ በድንጋይ ሽበት ተሸፍኖ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። የአስጎብኚው ማብራሪያ ጎራዴው ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ይቆጥራል የሚል ነበር። ከድንጋዮቹ ሥር ሲቆፈር የሰው አጽም ተገኝቷል፤ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ተሰብስቦ፣ እናቱ ማኅፀን እንዳለ ልጅ የተቀበሩ፣ አብዛኞቹም ወጣቶች። የአካባቢው ሰው "የግራኝ ድንጋይ" ይለዋል። ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ ዘመን የሚቀድሙ ናቸው።

ጢያ ላይ አትቸኩሉ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል የሚል ሰው ድንጋዩን ቆጥሮ የሚመለስ ነው። እኔ የምወደው ረፋድ ላይ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው ነው፤ ቅርጹ ጥላ ይሠራል፣ ያልታየሽ መስመር ብቅ ይላል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። አዳዲን ከዘለላችሁ በዚህ ሰዓት ትደርሳላችሁ። ካልዘለላችሁ ደግሞ ይሁን፣ ሁሉንም ማግኘት አይቻልም።

ምሳ ቡታጅራ። እስከዚያ ድረስ ለልጆቹ ዳቦና ሙዝ ይኑራችሁ፣ ምክንያቱም ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሆድ ሳይጠብቅ ይቀድማል። ጉራጌ አገር ገብታችሁ ክትፎ ሳትበሉ እንዳትመለሱ። ከቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር። የጾም ቀን ከሆነ በክትፎው ፈንታ ጎመኑን እዘዙ፣ እሱም ያስመሰግናል። ልጆቹ ጥሬ ካልለመዱ ለብለብ በሉላቸው።

ከምሳ በኋላ ለልጆቹ የመጨረሻው ነገር ሀረ ሸይጣን ነው። ከቡታጅራ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ስልጤ ውስጥ ያለ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ሥሩ ላይ አረንጓዴ ሐይቅ ተኝቷል። ስሙ የሸይጣን ሐይቅ ማለት ነው። የታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ከአፋፉ ላይ ሆነሽ ድንጋይ ብትወረውሪ ውሃው ጋ አይደርስም። ሐይቁ ድንጋዩን ይመልሰዋል ይላሉ።

እኛ አራት ሆነን ሞከርን። ውሃው እግራችን ሥር ያለ ይመስላል። ልጄ ወረወረ፣ ድንጋዩ አየር ላይ ጥቁር ነጥብ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ድምፅ የለም፣ ውሃው ላይ ክብ አልታየም። የባለቤቴ ወንድም ኳስ ተጫዋች ነው፣ ክንዱ ጠንካራ ነው፤ ተንደርድሮ ወረወረ። እሱም ያው። ዝም ብለን ተያየን። እኔ ቆይቼ ሳስበው ነገሩ የዓይናችን ይመስለኛል። ጉድጓዱ በጣም ሰፊ ነው፣ ሥሩ ላይ ለመለኪያ የሚሆን ቤትም ሰውም የለም፣ ስለዚህ ርቀቱን ዓይን አሳንሶ ያየዋል። ድንጋዩ የሚወድቀው ገደሉ ቁልቁለት ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ለልጆቹ ግን ይህን ቶሎ አትንገሪ። መጀመሪያ ይወርውሩ፣ ራሳቸው ይከራከሩ፣ መኪና ውስጥ ስትገቡ ጠይቂያቸው። የእኔዎቹ እስከ ዓለም ገና ድረስ ሲሟገቱበት ነበር።

አፋፉ አጥር የለውም። የልጆቹን እጅ ያዙ። እናትሽ መኪናው አጠገብ ሆነው ማየት ይችላሉ።

ሌሎች አስተያየት ሰጪዎች ያነሷቸው ቦታዎችም ጥሩ ናቸው። ወንጪን እወደዋለሁ፣ ግን ፈረሱና ጀልባው ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ ከሌላ ነገር ጋር አይደራረብም። መናገሻ ሱባ ለእግር ጉዞ ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ ካስጠበቀው ደን ውስጥ ጉሬዛ እያዩ መሄድ ደስ ይላል፣ ለእናትሽ ግን ዳገቱ ይከብዳቸዋል። ደብረ ሊባኖስ ደግሞ ለብቻው ቀን ይገባዋል። ጭላዳውም ገደሉም አለ፤ "የፖርቱጋል ድልድይ" የሚባለውን ደግሞ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ያለቁት መነኮሳትና ምእመናን አሉ። ያን ለልጆች በጥድፊያ ማሳየት አልወድም።

ወደየትም ብትሄዱ ዋዜማውን በዚያው ሳምንት መንገዱን ከተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ። የቆየ መረጃ ላይ አትመኩ። መንገዱ ሰላም አይደለም ካሏችሁ ለሌላ ቅዳሜ አስተላልፉት፣ ድንጋዮቹ አይሄዱም። ከመስቀል በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ በዚህ መስመር ባትወጡ ይሻላል፤ ጉራጌ ሁሉ አገሩ ስለሚገባ መንገዱ ጢም ይላል። ጥቅምትና ኅዳር ምርጥ ነው፤ ጤፉ ቢጫ ይሆናል፣ ፒስታውም ደርቋል።

ከሀረ ሸይጣን 9 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ሳይመሽ ዓለም ገና ትደርሳላችሁ። ስትመለሱ ግን ቡታጅራ ላይ እናትሽ "አቁሙልኝ" ይላሉ። የማረቆ በርበሬ አገር ነው። የመኪናውን ኋላ ሙሉ በሙሉ በዕቃ አትሙሉት፣ ለአንድ ማዳበሪያ የሚሆን ቦታ ተዉ።