የሜክሲኮው ሥጋ እንደ ቃጫ ሲደርቅ

ጥያቄው የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። ጠያቂው እሁድ እሁድ ለሳምንቱ የሚበቃ የሜክሲኮ ሥጋ ይሠራል፤ ቀስ ብሎ በስሎ በሹካ የሚተረተረውን፣ ለታኮና ለቡሪቶ የሚሆነውን። «አራት ሰዓት ቀቀልኩት። ይተረተራል፣ ግን አፍ ውስጥ ቃጫ ነው። መረቁ ስለቀጠነ ዱቄት ጨመርኩበት። ድስቱን ምድጃው ላይ አሳድሬ ጠዋት ፍሪጅ አስገባሁት። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ ግምቴን ልንገርህ። የገዛኸው ስብ የሌለው ቀይ የታፋ ሥጋ ነው፤ ምናልባትም ተቆራርጦ ለወጥ ተብሎ የታሸገው። ድስቱም ሲፍለቀለቅ ነበር። ሥጋው ባይተረተር ኖሮ ገና አልበሰለም እልህ ነበር። ተተርትሮ ከደረቀ ግን ጥፋቱ የብልቱ ነው።

እኛ ቀይ ሥጋ እንወዳለን። ለጥሬና ለጥብስ ልክ ነን። ለዚህ ግን ጅማት ያለው ትከሻ፣ አሜሪካኖቹ ቻክ ሮስት የሚሉት፣ ወይም ፍሪምባ ነው የሚፈለገው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ ላብራራው። የሥጋው ክር ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴልሺየስን ሲያልፍ እየተኮማተረ ውሃውን ይተፋል። ይሄ በየትኛውም ብልት ላይ ይደርሳል፤ መረቅ ውስጥ ተነክሮ የዋለ ሥጋም ይደርቃል። ጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን ግን ከ70 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ሲቆይ ቀስ በቀስ ይሟሟና ጄላቲን ይሆናል። ጄላቲኑ ክሩን ይለብሰዋል፣ መረቁንም ያወፍራል። ምላስህ ላይ እርጥብ የሚልህ እሱ ነው። ጅማት የሌለው ሥጋ ውሃውን ተፍቶ ባዶውን ይቀራል። እሳት ብትጨምር ክሩ ቶሎ ይጨመቃል እንጂ ጅማቱ አይቸኩልልህም። በደንብ የተሠራ መረቅ ፍሪጅ ሲያድር ይረጋል፤ ድስቱን ነካ ስታደርገው ይንቀጠቀጣል። ዱቄት ይህንን አይተካም፤ መረቁን ማጣበቂያ ነው የሚያደርገው።

እንግዲህ 3 ኪሎ ትከሻ ግዛ። ቡጢ በሚያህል ቁረጠው፣ ጨው ነስንሰህ በዘይት አቅላው። ጉዋሂዮና አንቾ የሚባሉ የደረቁ የሜክሲኮ በርበሬዎች አሉ፤ 10 ጉዋሂዮና 4 አንቾ ፍሬያቸውን አውጥተህ ለጥቂት ሰከንድ አምሳቸው። ከጠቆሩ ይመርራሉ፣ ጣላቸው። በሙቅ ውሃ አርሰህ ከሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙንና ኦሬጋኖ ጋር ፍጫቸው። በፓኬት የሚሸጠውን የታኮ ቅመም ተወው፤ ብዙውን ጊዜ ጨውና ስታርች ይበዛበታል። የኛንም በርበሬ አታስገባበት፣ ኮረሪማው ሌላ ምግብ ያደርገዋል። ሥጋው ላይ አፍስሰው፤ መረቁ የሥጋውን ግማሽ ብቻ ይድረስ። ክዳን ገጥመህ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ኦቨን ውስጥ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ተወው። ምድጃ ላይ ከሆነ አልፎ አልፎ ብቻ ቡልቅ ይበል። ታቹ ስስ የሆነ ርካሽ ድስት ያሳርርብሃል። ሹካ ያለ ትግል ሲዞርበት ደርሷል። መረቁ ውስጥ እንዳለ ትንሽ አብርደህ ተርትረው፣ መልሰህ ከመረቁ ጋር ቀላቅለው።

አሁን ወደ ዋናው። ድስት ሙሉ ሥጋ ምድጃ ላይ አይደር! ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ ትልቅ ድስት ለብ ብሎ ሲያድር ይራባል። ከእሳት እንደወጣ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች አከፋፍለህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገባው። እዚያ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ረቡዕና አርብ የምትጾም ከሆነ ከሐሙስ በኋላ የምትበላውን እሁድ ማታውኑ ፍሪዘር አስገባ፣ ከነመረቁ። ስታሞቀው እስከ 74 ዲግሪ ይድረስ።

ወደፊትም የደረቀ ሥጋ ቢያጋጥምህ አትጣለው። አጭር አጭር አድርገህ ክተፈውና ከሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጋር ጥበሰው፣ እንቁላል ስበርበት። በሰሜን ሜክሲኮ ማቻካ የሚባለውን የደረቀ ሥጋ ለቁርስ እንዲህ ነው የሚበሉት። ያሁኑን ግን ምድጃ ላይ ስላደረ አትሞክረው። ድጋሚ ማፍላት አያድነውም፣ ድፋው።