ከመሬት በታች ያለው ማሽን የጥልቁን በር ይከፍታልን?

ጥያቄ፦ የኔታ፥ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ኤልያስ ነው። በስልክ የሚዘዋወር አንድ ቪዲዮ ቤታችንን አስጨንቆታል። «ሰርን በሚባል ቦታ ሳይንቲስቶች ምድርን ቆፍረው ቅንጣት ያጋጫሉ፤ ዓለምን የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ ሊፈጥሩ ነው፤ በራእይ 9 የተጻፈው የጥልቁ በር ይኸው ነው» ይላል። የእግዚአብሔርን ቅንጣት አገኙ ሲባልም ሰማን። ላኪው «ጊዜው አልቋልና አትዝሩ» ስላለ ባለቤቴ በሬውን ሸጠን ገዳም እንግባ ይላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጄ፥ አስቀድሞ በሬው አይሸጥ። ምክንያቱን ከመጽሐፉም ከማሽኑም አስረዳሻለሁ።

ራእይ 9ን ቁጥር 1 ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡት። «የጥልቁም ጉድጓድ መክፈቻ ተሰጠው» ይላል። መክፈቻው የሚሰጥ ነው እንጂ ሰው በብረትና በኤሌክትሪክ የሚሠራው አይደለም። በምዕራፍ 20ም ያው መክፈቻ በመልአክ እጅ ነው የሚታየው። ቁልፉ በሰርን መሐንዲሶች እጅ ገባ ብሎ ማመን ለፍጡር የማይገባውን ሥልጣን መስጠት ነው፤ እኔን ከማሽኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ስለ መዝራትም እግዚአብሔር ለኖኅ የገባው ቃል አለ፦ «በምድር ዘመን ሁሉ መዝራትና ማጨድ፥ ብርድና ሙቀት፥ በጋና ክረምት፥ ቀንና ሌሊት አያቋርጡም» (ዘፍ. 8፥22)። በተሰሎንቄም የጌታ ቀን ደርሷል በሚል ወሬ የታወኩ ነበሩ፤ ሐዋርያው አትናወጡ ብሎ ጻፈላቸው፤ ሥራ ፈትተው የሚዞሩትንም በጸጥታ እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ አዘዘ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ሰርን በ1954 የተመሠረተ፥ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለ የምርምር ተቋም ነው። ትልቁ ማጋጫ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ፥ በአማካይ 100 ሜትር ያህል ከመሬት በታች የተዘረጋ ዋሻ ውስጥ ይገኛል። ፕሮቶን የሚባሉ የአቶም ጥቃቅን ክፍሎች በሁለት ቧንቧ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሮጣሉ፤ በሰከንድ ከ11,000 ጊዜ በላይ ይዞራሉ። መንገዳቸውን የሚያጎብጡት ማግኔቶች በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች እስከ 271 ዲግሪ ይቀዘቅዛሉ። ከ2022 ጀምሮ የአንዱ ግጭት ኃይል፥ የቅንጣት ጉልበት በሚለካበት መስፈሪያ፥ 13.6 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ደርሷል። ስሙ ያስፈራል፤ ነገር ግን 1 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት የአንዲት የምትበር ትንኝ ጉልበት ያህል ነው። ልዩ የሚያደርገው ያ ጉልበት ከአቶም እጅግ ባነሰ ስፍራ መታጨቁ ነው።

ይህ ግጭት ደግሞ ለምድር አዲስ አይደለም። ከኅዋ የሚመጡ ቅንጣቶች ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ከአየራችን ጋር ይጋጫሉ። ከዚያ የሚወለዱት ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች በባሕር ጠለል ላይ በአንድ የሰው መዳፍ ውስጥ በደቂቃ 100 ያህል ያልፋሉ፤ ከፍታ ሲጨምር ይበዛሉ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ በግ የሚጠብቅ እረኛ ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ ብዙ ያልፉበታል። በ1991 በአሜሪካ ዩታ ላይ የተመዘገበችው ቅንጣት 300 ሚሊዮን ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነበራት። ፕሮቶን ብትሆን፥ ቆሞ የሚጠብቃትን አቶም ስትመታ ለግጭቱ የሚውለው ኃይል ብቻ ተሰልቶ እንኳ የሰርኑን ከ50 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ምድር ግን አለች።

ጠንቅቆ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ይል ይሆናል፦ «ከኅዋ በመጣ ግጭት የተፈጠረ ጥቁር ጉድጓድ ፈጥኖ ምድርን አልፎ ይሄዳል፤ በማሽኑ የተፈጠረው ግን ዘግይቶ ይቀራል»። ጥያቄው መልካም ነው፤ የፊዚክስ ሊቃውንትም በ2008 በሰፊው መርምረውታል። ነጭ ድንክና ኒውትሮን የሚባሉ ከዋክብት እጅግ የታመቁ ስለሆኑ ፈጣኑንም ይዘው ያስቀሩት ነበር፤ አደገኛ ቢሆን ኖሮ እነርሱ በጠፉ። ዛሬም በሰማይ ይታያሉ።

አደጋ የለም ግን አልልሽም። ሴፕቴምበር 19 ቀን 2008 ማሽኑ በተነሣ በ9ኛው ቀን በሁለት ማግኔቶች መካከል ያለ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ተበላሸ፤ ብልጭታው የሂሊየሙን መያዣ ቀደደው፤ ብዙ ቶን ሂሊየም ፈሰሰ፤ ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። ሂሊየም ሲተን አየሩን ገፍቶ ሰው ያፍናል፤ ጨረሩም ይጎዳል፤ ስለዚህ ማሽኑ ሲሠራ በዋሻው ሰው አይገባም። በሙሉ ኃይሉ የሚዞረው የፕሮቶን ጅረት ግማሽ ቶን ያህል መዳብ የማቅለጥ ጉልበት አለው። መስመሩን ከሳተ በሦስት ዙር ጊዜ ውስጥ፥ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ፥ 8 ሜትር ያህል ርዝመት ወዳለው የግራፋይት ግንድ ይጣላል። እንግዲህ የሚጎዳው ማሽኑና በአጠገቡ የቆመ ሰው ነው፤ የደብረ ኤልያስን ማሳ አይነካም።

«የእግዚአብሔር ቅንጣት» የሚሉት በ2012 መገኘቱ የተነገረው ሂግስ ቦዞን ነው። ቅጽል ስሙን ብዙዎቹ ሊቃውንት ራሳቸው አይወዱትም። ቅንጣቱ ፍጡር ነው፤ ፈጣሪ በማሽን አይገኝም። ስለ ሰርን ሌላም ይወራል፦ በግቢው ያለው የሺቫ፥ ማለትም የሂንዱዎች አምላክ፥ ምስል በ2004 ከሕንድ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ለእኛ ጣዖት ነው፥ ይህን አልሸሽግም፤ ማሽኑን ግን አያንቀሳቅሰውም። በ2016 በዚያው ግቢ ሰው ሲሠዋ ያሳያል ተብሎ የወጣው ቪዲዮ ደግሞ በሌሊት የተቀረጸ ማስመሰያ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ነገር መቀለድ ነውር ነው፥ ሰው ግን አልሞተበትም።

ስለ ገዳሙ፦ ምንኵስና በፍቅር የሚገባበት ሕይወት ነው። ያገባ ሰው ከትዳር ጓደኛው ፈቃድ ውጭ አይገባበትም፤ ፍርሃት ደግሞ ለዚህ ምክንያት አይሆንም። ሁለታችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ ንስሐ ግቡ፥ ቀኖናችሁን ፈጽሙ፥ ተዘጋጅታችሁ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ማታ ማታ መዝሙር 90ን አብራችሁ ድገሙ። ዳግም ምጽአት እውነት ነው፥ እንጠብቀዋለን፤ ቀኑን ግን አብ በገዛ ሥልጣኑ አድርጎታል (ሐዋ. 1፥7)፤ ስለዚህ ቀን ቆርጦ የሚነግራችሁን አትቀበሉ። «ባሕታዊ ነኝ፥ መከላከያ አለኝ» ብሎ ብር በቴሌብር ላኩልኝ የሚላችሁንም ለደብሩ አስተዳዳሪ አሳውቁ። ቪዲዮውን ለሌላ አታስተላልፉ፤ አስቀድማችሁ የላካችሁላቸው ካሉም ደውላችሁ አረጋጓቸው።