ልጁ ኢንጂነሪንግ ይማራል፣ ማክሰኞ ማታ ደግሞ ትራምፔት አለው

ልጅ ሃይስኩል እያለ አራት ዓመት ትራምፔት ነፍቶ ኮሌጅ ሲገባ «ልቀጥል» ይላል። አሜሪካ የሚኖረው የደብረ ማርቆሱ አባት ደግሞ «ኢንጂነሪንግ ልትማር ነው የሄድኸው ወይስ አዝማሪ ልትሆን?» ይላል። የሞጣውም፣ የዳንግላውም፣ የፍኖተ ሰላሙም ቤት ይኸው ክርክር አለ። አባትዬው የሚያውቀው ሙዚቃ ወይ መተዳደሪያ ነው ወይ የሠርግ ነገር፤ እንደ ኬሚስትሪ ተመዝግበውት፣ ሰዓት ተቆርጦለት፣ ውጤት የሚሰጥበትን ሙዚቃ አላየም። አሜሪካ ኮሌጅ ያለው ግን እንዲህ ያለው ነው።

አብዛኞቹ ኮሌጆች ከኦርኬስትራ፣ ከባንድና ከኳየር (በኅብረት የሚዘፍን ቡድን) ቢያንስ አንዱን ሙዚቃ ለማይማር ተማሪም ክፍት ያደርጋሉ። የሃርቫርድ ተማሪዎች ኦርኬስትራ ታሪኩን ከ1808 ጀምሮ ይቆጥራል፤ ቫዮሊኑን የያዙት ግን በብዛት ሌላ ትምህርት የሚማሩ ልጆች ናቸው። ኤም አይ ቲም ሳይንሱን የሚማሩት ናቸው የሚነፉት። ለቨርጂኒያ ሰዎች ቅርብ የሆነው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ የሚያደምቅ «ግሪን ማሽን» የሚባል ባንድ አለው።

የሚከብደው ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለበት ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የመጀመሪያው ኦርኬስትራ ወንበር በሙዚቃ ተማሪዎች፣ እስከ ዶክትሬት ባሉት ጭምር፣ ይሞላል፤ ሌላው ተማሪ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ባንድ ይደርሰዋል። ኮሌጅ ስትጎበኙ «ክፍት ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። «ባለፈው ዓመት ከትራምፔቶቹ መካከል ሙዚቃ የማይማሩት ስንት ነበሩ?» በሉ። መሣሪያውም ይወስናል፤ ፍሉት፣ ክላሪኔትና አልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ይበዛል፤ ቪዮላ፣ ባሱን፣ ኦቦ፣ ቱባና ኮንትራባስ ግን ሰው ይጠፋላቸዋል። ጥሩ ቫዮሊን የሚጫወት ልጅ ክረምቱን የቪዮላን ኖታ ማንበብ ቢለማመድ የተዘጋ በር ሊከፈትለት ይችላል።

ኦርኬስትራው ወይም ባንዱ ብዙ ጊዜ 1 ክሬዲት ነው፤ 0 ወይም 2 የሚያደርጉትም አሉ። በሳምንት ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል ልምምድ አለው። ወጥመዱ ክፍያው ላይ ነው። በብዙ ኮሌጆች የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከ12 እስከ 18 ክሬዲት በአንድ ዋጋ ይማራል፤ 18 የሞላበት ልጅ ትራምፔቱን ሲጨምር 19 ይሆንና ለአንዷ ክሬዲት ለብቻ ይከፍላል። በ0 ክሬዲት መመዝገብ ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከባሕር ዳር በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ የመጣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ግዴታው ነው፤ የሙዚቃዋ ክሬዲት ለዲግሪው እንደምትቆጠር የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሳያረጋግጥለት 11 ይዞ በእሷ 12 እንዳይሞላ።

የልምምድ ሰዓት ለአንድ ተማሪ ተብሎ አይነሣም። የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ (ላብ) ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ምርጫ አለው። ስለዚህ ሰሌዳ ሲሠራ መጀመሪያ ልምምዱ ይገባል፣ ከዚያ ላቡ ይመረጣል። ብዙ ልጅ ገልብጦ ይሠራውና «ሙዚቃው አልተመቸኝም» ይላል። ነርሲንግ የምትማር ልጅ የሆስፒታል ልምምድ ስትጀምር ሰዓቷን ስለማታዝበት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብትጠቀም ይሻላታል። ውጤቱ በአብዛኛው በመገኘት ነው፤ ያለፈቃድ ሁለት ሦስቴ የቀረ ኤው ወደ ቢ ይወርዳል፤ ኮንሰርት የቀረማ ኤፍ ሊያገኝም ይችላል። ለሜዲካል ስኩል ውጤቱን የሚቆጥር ልጅ ይህን አይናቅ።

ኦዲሽኑ (ለመግባት ተጫውተው የሚፈተኑበት) ትምህርት ሊጀመር ሲል ወይም በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ስኬል፣ የተዘጋጀ ሥራ፣ ከዚያም አይተውት የማያውቁትን ኖታ እዚያው መጫወት ይጠየቃል። ልጆችን የሚጥላቸው በአብዛኛው የተዘጋጀው ሥራ ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነ መርጠው መሐል ላይ ይሰባበራሉ። ከስድስት ወር በፊት ጨርሰው የያዙትን፣ አሁን ሳይጨነቁ የሚጫወቱትን ይዘው ይግቡ። አዲሱ ኖታ ሲሰጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ማያ ጊዜ አለ፤ በዚያች ጊዜ የሻርፑንና የፍላቱን ብዛት፣ የምቱን ቁጥር፣ ከሁሉ የሚከብደውን ቦታ ይይ፣ በዚያ በሚከብደው ቦታ ልክ ዝግ ያለ ፍጥነት ይምረጥ። አንዴ ከጀመረ አይቁም። ስህተት ያልፋል፤ ለማረም ብሎ መመለስ ግን ምቱን ይበጥሰዋል፤ ኮንዳክተሩ የሚፈልገው ደግሞ ከሰማንያ ሰው ጋር ምት ሳይለቅ የሚሄድ ሰው ነው።

እዚህ ላይ የጎጃም ክረምት ይመጣል። ቤተሰብ ሐምሌና ነሐሴን አያቶች ዘንድ ካሳለፈ ልጁ ስድስት ሳምንት ሳይነፋ ቀጥታ ኦዲሽን ይገባል፤ ከንፈሩ ሰንፎ የላይኛዎቹን ድምፆች ያጣቸዋል። ትራምፔት በእጅ ሻንጣነት ይገባል፤ ማፈኛ ይጨመርለትና በቀን 20 ደቂቃ ይበቃዋል። የእንጨት ዕቃ ግን ይቅር፤ በክረምቱ እርጥበት የቫዮሊን ማጥበቂያ አብጦ አልዞር ይላል፣ ሚኒሶታ ተመልሶ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ በማሞቂያው ደረቅ አየር እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ማርቺንግ ባንድ (ስታዲየም ውስጥ እየተሰለፈ የሚጫወት ባንድ) የሚገባ ልጅ ቡሄን አገር ቤት ልዋል ካለ ችግር ነው፤ ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ የልምምድ ካምፑ ደግሞ ብዙ ቦታ ያኔ ተጀምሯል። ወቅቱም ፍልሰታ ነው። ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ መሣሪያ ተሸክሞ መሰለፍ በባዶ ሆድ አይሞከርም፤ የሚጾም ልጅ የንስሐ አባቱን ያማክር፣ ካፍቴሪያውንም የጾም ምግብ እንዲያዘጋጅለት ቀድሞ ይንገር።

ከጎጃም ራሱ መጥቶ ኖታ የማያነብ፣ ግን ማሲንቆ፣ ዋሽንት ወይም ያሬዳዊ ዜማ የያዘ ተማሪም አለ። የእሱ ነገር ሌላ ነው። የማሲንቆ ልጅ ጆሮው የተሳለ ነው፤ ማሲንቆ ጣት የሚጫንበት ሰሌዳ የለውም፣ ጭራው በአየር ላይ እንዳለ ከጎኑ ነው የሚነካው፣ ድምፁን ጆሮ ካላገኘው ሌላ መሪ የለም። ቫዮሊን ይቀለኛል ብሎ ግን አይነሣ፤ የደጋኑ አያያዝ ሌላ ነው፣ ኦርኬስትራውም ንባብ ይጠይቃል። አብነት የተማረውም የድጓውን ምልክትና ኖታን እንዳያመሳስል፤ ምልክቱ በቃል የተያዘውን ዜማ ያስታውሰዋል፣ ኖታ ግን ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከፍታውንና ርዝመቱን ለክቶ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ኦዲሽን በሌለው ኳየር፣ በአፍሪካ ከበሮ ቡድን ወይም በትንሽ የጃዝ ቡድን ይጀምር፤ ጎን ለጎን የአንድ ሴሚስተር የኖታ ትምህርት ይውሰድ። በጃዝ ቡድን ውስጥ አንቺ ሆዬና ባቲ የሚባሉትን ቅኝቶች በጆሮው የያዘ ልጅ የሚያመጣው ነገር አለው። የኢትዮ ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄ ኢንጂነሪንግ ሊማር ብሪታንያ፣ ዌልስ ተልኮ ነው ወደ ሙዚቃ የዞረው። (ይህን ለአባትዬው ባትነግሩት ይሻላል።)

ልጁ በማኅበር ቀን ከክራር ጋር ሲጫወት የሚፈጠር ጠብ ደግሞ አለ። ባለ ክራሩ ትዝታን ከኤፍ ጀምሮ ቃኝቶ «ኤፍ» ይላል፤ ባለ ትራምፔቱም የራሱን ኤፍ ይነፋል፤ ይንጫጫል። ጥፋቱ የማንም አይደለም። የትራምፔት ኖታ ከሚሰማው ድምፅ አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ብሎ ነው የሚጻፈው። ክራሩ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ ሲል ትራምፔቱ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ይጫወት፤ አልቶ ሳክስፎን ደግሞ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ። ፍሉትና ቫዮሊን እንደ ክራሩ።

ቱባ፣ ባሪቶን ሳክስፎን፣ ኮንትራባስና የመሳሰለውን ብዙ ኮሌጅ ያውሳል፤ ሳትጠይቁ አትግዙ።

የቀን መቁጠሪያውን አንድ ላይ ተቀምጣችሁ እዩት። በ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል፣ በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2027። ሕማማቱ በቀጥታ የሴሚስተሩ መጨረሻ ኮንሰርቶች ላይ ይወድቃል። የኮንሰርቱ ቀን ጥር ላይ በሚሰጠው የኮርስ ወረቀት ላይ ስላለ ፈቃድ የሚጠየቀው በዚያው በመጀመሪያው ሳምንት፣ በጽሑፍ ነው። ሚያዝያ ላይ «ሕማማት ነው» ማለት ኮንዳክተሩ ዘንድ እንደ ሰበብ ይቆጠራል።

ኮንሰርት ስትሄዱ፦ ኦርኬስትራ ከሆነ አንዱ ሥራ ሦስት አራት ክፍል ስላለው ዝም ባለ ቁጥር አይጨበጨብም፤ ኮንዳክተሩ እጁን አውርዶ ወደ እናንተ እስኪዞር ጠብቁ። ጃዝ ከሆነ አንዱ ለብቻው ተጫውቶ ሲጨርስ መሐል ላይም ይጨበጨባል። እልልታ ለማርቺንግ ባንዱ ነው፤ ስታዲየሙ ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል።